የኔቫዳ ቅድመ ምርጫ፦ በእናቴ ወረቀት ላይ ትራምፕ ለምን አልነበረም?

ልጅት ከቬጋስ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ያለፈ ነው። ግን ከልቤ አልወጣም። 2028ም ሩቅ አይደለም። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እናቴ ሲትዝንሺፕ ስትወስድ ሪፐብሊካን ብላ ተመዘገበች። ምክንያቱ የራሷ ነው። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር አልስማማም። ግን ድምፁ የእሷ ነው። ቤታችን ውስጥ በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

በ2024 ጃንዋሪ ላይ የድምፅ መስጫ ወረቀቷ በፖስታ መጣ። ከሥራ ስገባ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቁጭ ብላለች። «ነይ እስቲ እዪልኝ፣ ትራምፕ የታለ?» አለችኝ። አየሁ። ኒኪ ሄሊ አለች። ከውድድሩ የወጡት ማይክ ፔንስና ቲም ስኮት ሳይቀሩ አሉ። ትራምፕ የለም። ገልብጬ አየሁ። የለም። እማዬ ደነገጠች። «የውሸት ወረቀት ነው እንዴ የላኩልኝ?» አለች። እውነቴን ነው፣ እኔም ለአፍታ ተጠራጠርኩ።

ስናጣራ ለካ የፓርቲ ዕጩ የሚለይበት ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ስቴቱ የሚያካሂደው ፕራይመሪ (ቅድመ ምርጫ) ነው፣ ፌብሩዋሪ 6። ሌላው የሪፐብሊካን ፓርቲው ራሱ የሚያካሂደው ኮከስ (መራጩ ተሰብስቦ የሚመርጥበት) ነው፣ ፌብሩዋሪ 8። ትራምፕ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ኮከሱ በአካል ካልሄዱ አይሆንም። ሰዓቱም ከአመሻሹ 11 እስከ ምሽቱ 1 ተኩል ብቻ ነበር። እማዬ የማታ ሺፍት ነው የምትሠራው። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች። ለፈለገችው ሰው ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች።

ይሄ አንድ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ሌላ መጣ፣ እሱን በኋላ እጽፈዋለሁ። አሁን የምጠይቃችሁ ይሄን ነው፦ እንዲህ የገጠማችሁ አላችሁ? ሁለት ምርጫ ለምን አስፈለገ? እኛ ሰፈር ስለ ኖቬምበሩ ሁሉም ያወራል። ስለ ፌብሩዋሪው ማንም ትንፍሽ አይልም። ዕጩው የሚለየው ግን እዚያ ነው።

የሬኖ ሰው

እህቴ፣ የእናትሽ ነገር በጣም አሳዘነኝ። ብቻዋን እንዳልሆነች ንገሪያት። ያኔ እዚህ ሬኖም የምናውቃቸው ሰዎች ወረቀቱን ይዘው «ስሙ የታለ» እያሉ ይደውሉልን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔቫዳ ለብዙ ዓመት በኮከስ ነበር የምትመርጠው። በ2021 የስቴቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ ፕሬዚዳንታዊ ፕራይመሪ ስቴቱ ራሱ ያካሂዳል፣ ወረቀትም በፖስታ ይልካል ተባለ። የሪፐብሊካን ፓርቲው ይሄን አልወደደውም። የራሴን ኮከስ አደርጋለሁ አለ። ሕጉ ደግሞ ስቴቱን ፕራይመሪ እንዲያካሂድ ያስገድዳል እንጂ ፓርቲውን በውጤቱ እንዲገዛ አያስገድድም። ሁለቱ በሁለት ቀን ልዩነት የተደረጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ፓርቲው አንድ ደንብ ጨመረ። በስቴቱ ፕራይመሪ የተመዘገበ ዕጩ ኮከሱ ላይ አይገባም። ኮከሱ ላይ ለመግባት ደግሞ 55,000 ዶላር ይከፈላል። ሄሊ ፕራይመሪውን መረጠች። ትራምፕ ኮከሱን። በፓርቲው ጉባኤ ላይ ዕጩውን የሚመርጡት የኔቫዳ 26 የሪፐብሊካን ተወካዮች የሚታደሉት በኮከሱ ብቻ ነበር። ሄሊ እንኳን አንደኛ ብትወጣ አንድም ተወካይ አታገኝም ነበር።

እሷ ግን አንደኛም አልወጣችም። እኛ ስቴት ወረቀት ላይ «ከእነዚህ ዕጩዎች አንዳቸውም» የሚል ምርጫ እንዳለ ታውቃላችሁ። እሱ 63 በመቶ አገኘ። ሄሊ 30 በመቶ ገደማ። ከሁለት ቀን በኋላ ትራምፕ ኮከሱን በ99 በመቶ ወሰደ። አገረ ገዢው ጆ ሎምባርዶ ራሱ ቀድሞ፣ ፕራይመሪው ላይ «አንዳቸውም» እላለሁ፣ ኮከሱ ላይ ትራምፕን እመርጣለሁ ብሎ ነበር።

እኔ የተሰማኝን ልናገር። ፓርቲ ዕጩውን በፈለገው መንገድ የመምረጥ መብት አለው። እሱን አልነካም። ግን ሕዝብ ከቀረጡ የከፈለበት ምርጫ ተደርጎ ውጤቱ ለምንም ሳይውል ሲቀር ያማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለተራው መራጭ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳው አልነበረም።

ልጅት ከቬጋስ

አመሰግናለሁ። እማዬም በስተመጨረሻ «አንዳቸውም» የሚለውን ነው ያጠቆረችው። ከ63 በመቶዎቹ አንዷ ናት ማለት ነው።

ታክሲ 24 ዓመት

ልጄ፣ እናትሽ ወረቀቱ ላይ ስሙን ብታጣውም ቢያንስ ወረቀቱ ደርሷታል። ለእኔ ወረቀቱም አልመጣልኝ።

ቬጋስ ከመጣሁ ረጅም ጊዜዬ ነው። በኖቬምበር ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። በዚያ ፌብሩዋሪ ግን የጎረቤቶቼ ፖስታ ሳጥን ሲሞላ የእኔ ባዶ ሆነ። ተረሳሁ ብዬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና አስረዳችኝ። «አባት፣ እርስዎ ኖንፓርቲዛን ነዎት፣ በዚህ ምርጫ የሚሳተፉት በሁለቱ ፓርቲ የተመዘገቡ ብቻ ናቸው» አለችኝ። ማን ኖንፓርቲዛን አደረገኝ? ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ቢሮው) ፈቃዴን ሳሳድስ ነው ለካ። ከ2020 ጀምሮ እዚያ ጉዳይ ያለው ሰው በራሱ ጊዜ መራጭ ሆኖ ይመዘገባል፤ አድራሻውም ይታደሳል። ፓርቲ ካልመረጠ ኖንፓርቲዛን ይሆናል። እኔ ዝም ብዬ ፈርሜ ወጥቻለሁ።

ታክሲ ነጂ ሁሉ በየጥቂት ዓመቱ ዲኤምቪ ይመላለሳል። ስለዚህ እንደ እኔ የሆነው ብዙ ነው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ አሥራ አንድ ልጆች ጠይቄአለሁ። ስምንቱ ኖንፓርቲዛን ናቸው። ከስምንቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው አውቀው የሆኑት።

የሬኖ ሰው

ጋሼ ትክክል ነዎት። እንዲያውም ዛሬ በኔቫዳ ትልቁ የመራጭ ቡድን ኖንፓርቲዛኑ ነው። ዴሞክራቱንም ሪፐብሊካኑንም በልጧል። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ፌብሩዋሪ ላይ ከደጅ ነው የሚቆመው።

ዱባይ ያለሁት

ይቅርታ፣ ከውጭ ሆኜ ነው የማነበው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ኔቫዳ በረሃና ካዚኖ ናት። ሕዝቧም ብዙ አይደለም። ዜና ላይ ግን ሁሌ ስሟ ይነሳል። ለምንድን ነው?

የሬኖ ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኔቫዳ ያላት ኢሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው) 6 ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ 54 አላት። ግን የካሊፎርኒያ ውጤት ከወዲሁ ይታወቃል። የእኛ አይታወቅም። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ27,000 ድምፅ ብልጫ አሸነፈች። በ2020 ባይደን በ33,596። በ2024 ትራምፕ በ46,008። ከ2004ቱ ቡሽ ወዲህ ኔቫዳን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን እሱ ነው።

ለሴኔት ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። በ2022 ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶ ያሸነፈችው በ7,928 ድምፅ ነው። ያን ቁጥር እስቲ አስቡት። የአንድ ትልቅ የጥምቀት በዓል ሕዝብ አይሞላም።

ከዚያ ላይ ቀደም ብላ የምትመርጥ ስቴት ናት። ይሄን ያመጣው በዋናነት የሞተው ሴናተር ሃሪ ሪድ ነው። አዮዋና ኒው ሃምፕሻየር ሕዝባቸው በአብዛኛው ነጭ ስለሆነ፣ ስደተኛና ሠራተኛ የበዛበት ስቴት ከፊት ይሰለፍ ብሎ ተከራከረ። ከ2008 ጀምሮ ኔቫዳ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሆነች። እኛ ሐበሾች እዚህ ብዙ መሆናችን፣ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲም «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር መሰየሙ ከዚህ ጋር ሲደመር ትርጉም አለው። ዕጩዎቹ ቀድመው የሚመጡት እኛ ወዳለንበት ነው።

አንዱ ለዱባዩ

«አንዳቸውም» ስለሚለው ልጨምርልህ። ከ1975 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ከኔቫዳ ሌላ ስቴት ላይ የለም። ቢያሸንፍም ሥልጣኑን የሚወስደው ቀጥሎ ያለው ሰው ነው። ግን ዋዛ አይደለም። በ2016 ክሊንተንና ትራምፕ ሲወዳደሩ «አንዳቸውም» ያገኘው ድምፅ ከአሸናፊዋ ብልጫ ይበልጥ ነበር። በ2024 ጃኪ ሮዘን ለሴኔት ያሸነፈችው በ24,000 ገደማ ነው። «አንዳቸውም» ከ40,000 በላይ አግኝቷል።

አልጋ አንጣፊዋ

እኔ የምጽፈው ስለ ኮከሱ ነው። ሰው ሁሉ ኮከስን ሲያማ እሰማለሁ። ለእኔ ግን በሕይወቴ ከማልረሳቸው ቀኖች አንዱ ነው።

ስትሪፑ (የቬጋስ ካዚኖዎች ዋና መንገድ) ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳለሁ። የኪውሊነሪ ዩኒየን አባል ነኝ። ዩኒየናችን 60,000 ያህል ሰው አለው። ምግብ አብሳዩ፣ አስተናጋጁ፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ እኛ አልጋ አንጣፊዎቹ። ከየአገሩ ነን፣ ሐበሻውም ብዙ ነው።

በ2020 ፌብሩዋሪ 22 ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ለእኛ የከበደ ቀን ነው። እንግዳ የሚወጣውም የሚገባውም ያን ቀን ነው። ሠራተኛ ወደ ሰፈሩ ሄዶ እንዲመርጥ ጊዜ ስለሌለው ዴሞክራቲክ ፓርቲው ስትሪፑ ላይ ሰባት ሆቴሎች ውስጥ ኮከስ አዘጋጅቶ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ሰጡንና ዩኒፎርማችንን እንደለበስን ገባን። ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራይ ትልቅ አዳራሽ ነው። ምንጣፉን እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጠርጌዋለሁ። ያን ቀን በእንግድነት ገባሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሳንደርስን የምትፈልጉ እዚህ፣ ባይደንን የምትፈልጉ እዚያ፣ እየተባለ ሰው ቦታ ይይዛል። 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይበተናል። የተበተነው ሌላ ቡድን ይመርጣል። ያኔ ነው ልመናው። «ነይ ወደ እኛ» «ና አንተ» ይባላል። በምልክት የምንግባባ ሴቶች፣ አንዷ ስፓኒሽ፣ አንዷ ፊሊፒኖ፣ አንዷ እኔ፣ ስለ ኢንሹራንስ ተከራከርን። ዩኒየኑ ያን ጊዜ ማንንም አልደገፈም። ግን የሳንደርስ የሕክምና ዕቅድ ያለንን ኢንሹራንስ ያስቀርብናል ብሎ ወረቀት በትኖ ነበር። ኢንሹራንሳችን ታግለን ያገኘነው ነው፣ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ፈርቼ ነበር። አንዷ ጓደኛዬ ግን «የእኔ ኢንሹራንስ ጥሩ ነው፣ የእህቴ ልጅ ግን ምንም የለውም» አለችና ወደ ሳንደርስ ሄደች። ከእሷ በኋላ ብዙ ሰው ተነሳ። ስቴቱንም ሳንደርስ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

እኔ ለማን እንደቆምኩ አልናገርም። ግን ፊት ለፊት ቆሜ፣ ሰው እያየኝ፣ ማንም ምንም ሳያደርገኝ ምርጫዬን አሳየሁ። እኔ ካደግኩበት ዘመን አንፃር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የገባችሁ ይገባችኋል። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ልጅት ከቬጋስ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት።

ታክሲ 24 ዓመት

የ2008ቱ ትዝ አለኝ። ያኔ ኪውሊነሪ ኦባማን ደገፈ። ሠራተኛው ግን ስትሪፑ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ኮከሶች ሂላሪን መረጠ። ብዙ ሕዝብ ያገኘችው ሂላሪ ናት፣ ተወካይ በአንድ የበለጠው ኦባማ ነው፣ 13 ለ12። በዚያ ሌሊት ተሳፋሪ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ማን አሸነፈ» ነበር። ሁለቱም እል ነበር።

ደግሞ እኩል ሲወጡ ካርታ ይሳባል። ይሄን የማያውቅ ካለ ቬጋስ ስለሆነ የተወራ ተረት ይመስለዋል። ደንብ ነው። ካርታው ይበጠርና ከየቡድኑ አንድ ሰው ይስባል፣ ትልቅ የሳበ ተወካዩን ይወስዳል። በዓይኔ አይቻለሁ። አልወደድኩትም። ሰው ልጁን ጥሎ፣ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ነገሩ በካርታ ሲያልቅ ደስ አይልም። በዚህ በዚህ ፕራይመሪው ይሻላል ባይ ነኝ።

አዮዋ ነኝ

ስለ ኮከስ ካነሳችሁ እኔም ላክልበት። የ2020 የመጀመሪያው ኮከስ እኛ ስቴት ነበር። ፌብሩዋሪ 3 ማታ ነው የሚደረገው። የማታ ሺፍት ላላቸው ግን ቀን ላይ ትንንሽ ኮከሶች ተፈቅደው ነበር። በስቴቱ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የተደረገው ኦተምዋ ከተማ ነው። የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ በዩኒየናቸው አዳራሽ፣ እኩለ ቀን ላይ። የመጡት 15 ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን። 14ቱ ሳንደርስን፣ አንዱ ዋረንን መረጠ።

የአሜሪካ የ2020 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ከሰጡት ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉበት። ይሄን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ማታ ላይ ግን ውጤት መላኪያ አፑ ተበላሸና አገሩ በሙሉ አሸናፊ ሳያውቅ አደረ። የእነዚያ ሰዎች ነገርም በዚያ ጫጫታ ተዋጠ። ኔቫዳዎች ያን አይታችሁ ነው አፑን የተዋችሁት።

የዲሲው

እናንተ ስለ አሠራሩ ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ይዘቱ ልጠይቅ። በ2020 ኦክቶበር ትራምፕ ስለ ህዳሴው ግድብ ግብፅ ታፈነዳዋለች ብሎ ሲናገር ሰምቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ሰምቶ ሐበሻ እንዴት ይመርጠዋል?

ታክሲ 24 ዓመት

ወንድሜ፣ እኔም ሰምቼ አዝኛለሁ። ግን ባይደን ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) አስወጣ። ሐዋሳ ፋብሪካ የምትሠራ የእህቴ ልጅ ነበረችኝ። በአገር ጉዳይ ከመረጥን ሁለቱም ጋ ቁስል አለ። እኔ በ2024 ስመርጥ ያሰብኩት የቤት ኪራይና ቤንዚን ነው። አላፍርበትም።

የዲሲው

አባቴ፣ አላሳፍርዎትም። ቁጭቴን ነው የተናገርኩት።

አወያይ

ወገኖች፣ የአገር ቤቱ ነገር ለብቻው ክር ይከፈትለት። እዚህ በኔቫዳ እንቆይ።

ዲለሩ

ስለ ቲፕ ማንም አላነሳም። ገረመኝ። እኔ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አከፋፋይ ነኝ። ከገቢዬ የሚበልጠው ቲፕ ነው።

በ2024 ጁን ትራምፕ ቬጋስ መጥቶ በቲፕ ላይ የሚከፈለውን ታክስ አነሳለሁ አለ። ኦገስት ላይ ካማላ ሃሪስም እዚሁ ቬጋስ መጥታ ተመሳሳይ ነገር ተናገረች። ኪውሊነሪ የደገፈው ሃሪስን ነው። ግን የዕረፍት ክፍላችን ውስጥ ቲፕ ከተባለ የሚነሳው የትራምፕ ስም ነበር፣ ቀድሞ ስላለው። ከዩኒየኑ ጋር የሚስማማው ሠራተኛ እንኳን በዚህ ከዩኒየኑ ሲለይ አይቻለሁ።

በ2025 ሕጉ ወጣ። በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ስሌት ይቀነሳል፣ እስከ 2028። የሶሻል ሴኩሪቲው ግን አሁንም ይቆረጣል። «ታክሱ ጠፋ» ብለው ቀድመው የተበደሩ ልጆች አሉ። እባካችሁ አስተውሉ። ለእኔ ጠቅሞኛል፣ እሱን አልክድም። ዕድሜው ግን ከቀጣዩ ምርጫ ጋር ነው የሚያልቀው። ስለዚህ በ2028 ፌብሩዋሪ ኔቫዳ የሚመጣ ዕጩ ሁሉ ይሄን መጠየቅ አለበት። የሚጠይቀው ደግሞ በፕራይመሪው ድምፅ ያለው ሰው ነው።

ቢኤድ ያላት

እኔ ለዚህ ነው ለሕዝብ ድምፅ የቀረበውን ጥያቄ 3ን የደገፍኩት። ቅድመ ምርጫ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚለው። በ2022 አለፈ፣ በ2024 ወደቀ። ሕገ መንግሥት ስለሚነካ ሁለቴ ማለፍ ነበረበት። አልፎ ቢሆን ጋሼ ታክሲ ከደጅ አይቆሙም ነበር።

የሬኖ ሰው

እህት፣ እኔም ደግፌዋለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። ጥያቄ 3 ፕሬዚዳንታዊውን ቅድመ ምርጫ አይነካም ነበር። ለአገረ ገዢ፣ ለሴኔት፣ ለኮንግረስና ለስቴት ምክር ቤት ነበር። ለፕሬዚዳንት ጋሼ ያኔም ፓርቲ መምረጥ ነበረባቸው።

ቢኤድ ያላት

ይሄን አላውቅም ነበር። ስንቱን ሰው ተሳስቼ አስረድቻለሁ። አርመኸኝ አመሰግናለሁ፣ ነገ ለየአንዳንዳቸው እደውላለሁ።

ታክሲ 24 ዓመት

እኔ ጥያቄ 3ን «አይ» ብያለሁ። እዚያው ውስጥ ያለው፣ አምስት ሰው በቅደም ተከተል ደርድር የሚለው ለእንደ እኔ ዓይነቱ፣ እንግሊዝኛው ለሚከብደው፣ ወረቀቱን ያረዝምብኛል። በዚያ ላይ ወረቀቱ ያኔ እዚህ ካውንቲ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በፊሊፒኖ እንጂ በአማርኛ አይመጣም ነበር። ፓርቲ መምረጡ ይቀላል። ከወዲሁ እገባለሁ። ለየትኛው እንደሆነ ገና አልወሰንኩም። ፌብሩዋሪ ከመድረሱ በፊት ግን ባዶ ሳጥን አላይም።

አልጋ አንጣፊዋ

በ2020 ኮከሱ ላይም ቀድሞ መምረጥ ነበር፣ በወረቀት ቢያንስ ሦስት ሰው በቅደም ተከተል ጻፉ ተብሎ። ከእኛ ፎቅ ብዙ ሴቶች ጽፈዋል። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ሲያሳዩህ ይለመዳል። ጋሼ፣ ሲያስፈልግዎ እኔ አሳይዎታለሁ።

ልጅት ከቬጋስ

የኖቬምበሩን ልጽፍ ቃል ገብቼ ነበር።

እማዬ በ2024 ኖቬምበር በፖስታ መረጠች። ፖስታው ጀርባ ላይ ይፈረማል። ፈረመች፣ ላከች። ከምርጫው ማግስት ስልኬ ላይ መልዕክት መጣ። ፊርማዋ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። እስከ ኖቬምበር 12 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ የእሷ መሆኑን ካላረጋገጠች ድምፁ አይቆጠርም።

ለመሆኑ ምን ብላ ፈረመች? በአማርኛ። በራሷ ፊደል። መዝገቡ ላይ ያለው ግን ዲኤምቪ መጀመሪያ መታወቂያ ስታወጣ የፈረመችው ነው። ያኔ ከመጣች ሁለት ወሯ ነበር። አጎቴ የእንግሊዝኛውን ፊደል በወረቀት ጽፎላት፣ ያንን እያየች እንደ ሥዕል ነው የገለበጠችው። ከዚያ በኋላ ደግማው አታውቅም።

በዚያ ምርጫ በስቴቱ ውስጥ ፊርማቸው እንዲጣራ የተባሉ ፖስታዎች ከ10,000 በላይ ነበሩ። ምርጫውን የሚመራው የስቴቱ ሴክሬተሪ ፍራንሲስኮ አጊላር ያኔ ሲያስረዳ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው አለ። በስክሪን ላይ በጣት መፈረም ስለለመዱ የረጋ ፊርማ የላቸውም። ትዳር ይዘው ስም የቀየሩም አሉበት። የእኛ እናቶች ግን ሌላ ናቸው። ፊርማ አላቸው፣ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የእነሱ አይደለም።

በስልክ አረጋገጥን። መታወቂያዋን ላክን፣ ጥያቄ መለሰች። ተቆጠረ። ግን እኔ ያን ቀን መልዕክቱን ባላይስ? ቁጥሩ የእኔ ባይሆንስ?

ዲለሩ

የእኔ አባት የተላከለትን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎት ጥሎታል። ምርጫው ካለፈ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው ያገኘሁት። ለዚያ ሰው የመጀመሪያ ምርጫው ነበር። ምን ብዬ እንደነገርኩት አሁንም አላስታውስም። ብቻ ዝም አለኝ።

የሬኖ ሰው

በጣም አዝናለሁ ወንድሜ።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊርማን መቀየር ይቻላል። የወረቀቱን የመራጭነት ምዝገባ ቅጽ ሞልታችሁ በአዲሱ ፊርማ ፈርማችሁ ስትልኩ መዝገቡ ይታደሳል። ኢንተርኔቱ ላይ ብታድሱ ግን የሚወስደው ዲኤምቪ ያለውን ፊርማ ነው፣ ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ወረቀቱ ይሻላል። እዚያው ቅጽ ላይ የፓርቲ ሳጥን አለ። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ታስተካክላላችሁ። ጋሼ ታክሲ፣ እርስዎም በዚሁ።

ታክሲ 24 ዓመት

ቅጹን ከየት ነው የማገኘው?

የሬኖ ሰው

ከካውንቲው ምርጫ ቢሮ፣ ከዲኤምቪም። ቤተ መጻሕፍትም አይጠፋም።

አልጋ አንጣፊዋ

እኔ 50 አመጣለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ ጸበል ጻዲቁ ሲቀርብ ቁጭ ብለን እንሞላለን። ማን ምን ፓርቲ እንደሚጽፍ ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቅም። ፊርማውን ብቻ ነው የምናግዘው። አንድ እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት ያስፈልገኛል።

ዲለሩ

እኔ እመጣለሁ። አባቴንም ይዤው እመጣለሁ፣ እሺ ካለኝ።

ቢኤድ ያላት

እኔም። ሙስሊም እህቶቻችንም እንዲካፈሉ አርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ አካባቢ ሌላ እናዘጋጅ። ሰው የማገናኛችሁ አለኝ።

ልጅት ከቬጋስ

ዛሬ ማታ ይሄን ክር ለእማዬ አነበብኩላት። ስለ ሆቴሉ አዳራሽ የተጻፈውን አስደገመችኝ። ከዚያ ባዶ ወረቀት አምጪ አለችኝ።

ስሟን በአማርኛ አሥር ጊዜ ፈረመች፣ አንዱን ከሌላው ሥር። «የቱ ነው የሚመሳሰለው?» አለችኝ። ሁሉም አንድ ናቸው። እሁድ ቅጹ ላይ የምትፈርመው እሱን ነው። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው፣ በ2028 ፖስታው ሲመጣ እያየች ለመፈረም።